ጥርስ ነክሶ መወጋት ይብቃ



በአገራችን ሕፃን ሲያስቸግር "ዝም ካላልክ ሐኪሟ መጥታ ትወጋሃለች" ይባላል። ድሮ የሚጠራው ጅብ ነበር። ጅቡ ከሰፈር ሲርቅ በእሱ ቦታ ነጭ ጋዋን የለበስነው እኛ ተተካን። ያ ልጅ ያድጋል፤ ይወልዳል፣ ይከብዳል፣ ፀጉሩ ይሸብታል። አንድ ቀን ወገቡን ያመውና ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ክኒን ሲሰጡት ፊቱ ይጠቁራል። "ሳትወጉኝ ልትሸኙኝ ነው?" ይላል። በልጅነት ማስፈራሪያ የነበረው መርፌ በእርጅና የክብር ሕክምና ሆኖ አረፈው። ሳይወጋ ከተመለሰ ታከምኩ አይልም።

የሥራ ዘመኔን በነርስነት ስላሳለፍኩ ይህን ተቃርኖ በየቀኑ አይቼዋለሁ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ አጥንት መሳሳትና ስለ መርፌው ነው፤ በተለይም መርፌው ስለሚያሳምማቸው ሰዎች። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለጊዜው የሚያስታግሰንን መርፌ በገንዘባችን ገዝተን እንወጋለን፣ ከስብራት የሚያድነንን ግን አንዴ ካሳመመን እንሸሸዋለን። ለዚህም ከታካሚው ይልቅ ጥፋቱ ያለው "ቻዪው፣ ምን አላት ይቺ!" ብለን ዝም በምናሰኘው በእኛ በባለሙያዎቹ ላይ ነው።

ሕዝባችን ፈሪ አይደለም። ከመካከላችሁ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ የሆነ ሰው እጅጌውን ቢሰበስብ ክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ ሊያገኝ ይችላል። በ1963 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር ከታቢዎቹ የያዙት ጫፏ ሁለት ጥርስ ያላት ትንሽ መርፌ ነበር። ክንድን 15 ጊዜ ያህል ፈጠን ፈጠን አድርገው ይነቁሱባታል። ያማል፣ ያቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል። ቢሆንም ሰው ክንዱን ሰጠ፤ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ተመዘገበ። ሰው መርፌውን የቻለው ፈንጣጣ ጎረቤቱን ሲያሳውር፣ ፊት ሲያበላሽና ልጅ ሲቀጥፍ በዓይኑ ስላየ ነው። የአጥንት መሳሳት ግን እንዲህ አይታይም። እስኪሰበር ድረስ አያምም። ስለዚህ ታካሚዋን የምንጠይቃት ያልተሰማትን በሽታ ለመከላከል የሚሰማትን ሕመም እንድትቀበል ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ከባድ መሆኑን ሳናምን ምክር ብንጀምር ማንም አይሰማንም።

አጥንት በሕይወት ያለ አካል ነው። ዕለት ዕለት አሮጌው ይፈርሳል፣ አዲስ ይሠራል። ሴት የወር አበባዋ ሲቆም ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ያኔ ማፍረሱ ከመሥራቱ ይፈጥናል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ከውጭ ሲታይ ደህና፣ ውስጡን ግን ምስጥ እንደበላው ምሰሶ ይሆናል። በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 3 ሴቶች አንዷ፣ ከ5 ወንዶችም አንዱ በዚህ ምክንያት ስብራት ይደርስባቸዋል ተብሎ ይገመታል። እኛ ግን "እርጅና ነው" ብለን እናልፋለን። እናታችን ታጥራለች፣ ትጎብጣለች፤ ለዓመት በዓል የተሰፋላት ቀሚስ ከፊት መሬት ይጠርግ ጀመር፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ቀሚሱ ተበላሽቶ አይደለም። የጀርባ አጥንቷ ሳታውቀው ተሰብሮ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል።

በእኛ በካፋ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይጥላል። ዝናቡ ብዙ ነው፣ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል። የሰባ ዓመት ሴት ማገዶ ተሸክማ ወይም ከጫካ ቡና ለቅማ ስትመለስ እግሯ ይከዳታል። ወድቃ መነሳት ካቃታት ወጌሻ ይጠራል። ለወጌሻ ክብር አለኝ፤ የወለቀ ትከሻ በሠለጠነ እጅ ሲመለስ አይቻለሁ። ይሁንና አሮጊት ወድቃ አንድ እግሯ ከሌላው አጥሮ፣ የእግሯ ጣት ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ያ የዳሌ ስብራት ነው። አይታሽም፣ አይጎተትም፤ ወደ ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ነው። አጥንት ለተሰበረ ሰው አሚቾ ቀቅሎ የማብላት ልማዳችንንም አልነቅፍም። እንሰት ካልሲየም ያለበት ምግብ ነው፣ ይበላ። የሳሳውን አጥንት ግን አሚቾ ብቻውን አይመልሰውም።

አሁን ወደምንወደው መርፌ ልመለስ። ወገብና ጉልበት ሲያም ሰዉ በስም የሚጠራቸው ሁለት መርፌዎች አሉ፤ "ዲክሎ" እና "ዴክሳ"። ዲክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል፤ አጥንት አይሠራም። በተደጋጋሚ ሲወሰድ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። በተወጉ ማግስት ሰው ይነቃል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይከፈታል፣ መገጣጠሚያው ይለቀዋል፤ "እጁ መድኃኒት ነው" ተብሎ ወጊው ይመሰገናል። ስቴሮይድ ሲደጋገም ግን አጥንትን ከሚያሳሱ መድኃኒቶች ዋነኛው ነው። በክኒን መልክ በቀን 5 ሚሊግራም ፕረድኒሶሎን ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው እንኳ ስለ አጥንቱ ሊታሰብለት እንደሚገባ ሐኪሞች ይስማማሉ። እንግዲህ ወገቧን ባመማት ቁጥር ያለ ምርመራ ዴክሳ የምትወጋ እናት ለወገቧ ብላ ወገቧን እያሳሳች ነው። እዚህ ላይ ግን አደራ፦ ለአስም፣ ለቆዳ ወይም ለሌላ ሕመም ሐኪም ስቴሮይድ ያዘዘለት ሰው ዛሬ የሰማውን ይዞ በገዛ ፈቃዱ እንዳያቋርጥ። በድንገት ማቆም ራሱ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሐኪሙን ይጠይቅ።

የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ሁሉ መርፌ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ አለንድሮኔት የሚባል 70 ሚሊግራም ክኒን አለ። ለካፋ ሰው ግን አንድ ችግር አለበት። ክኒኑ የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም መቆም እንጂ ጋደም ማለት የለም፣ ጉሮሮን ያቆስላል። ከቡና ጋር ከተዋጠ ደግሞ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን በ60 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቡና ከዚህ ምድር ወጣ የምንል ሰዎች፣ ዓይናችንን ሳንገልጥ ጀበና የሚሸተን ሰዎች፣ ሳምንት ሙሉ ቡና ተዉ አልተባልንም፤ በሳምንት አንድ ጠዋት አቦሉን ለግማሽ ሰዓት ማዘግየት ነው። ይህን ብቻ ሰምተው መርፌውን በክኒን መተካት የሚችሉ ሴቶች አሉ። መርፌ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ መጀመሪያ "ክኒኑ ለእኔ ይሆናል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጨጓራና ጉሮሮ የሚያማቸው፣ ቀጥ ብለው መቀመጥ የማይችሉ፣ ክኒኑ ያልሠራላቸው ናቸው በዋናነት ወደ መርፌ የሚዞሩት።

ሁለተኛው ዞሌድሮኒክ አሲድ ነው። እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰቀላል፤ 5 ሚሊግራም፣ ቢያንስ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ትልቁ ጥናት የዳሌ ስብራትን በ41 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። መብራት በሚጠፋበት፣ መንገዱ በክረምት በሚበላሽበት ቦታ ለሚኖር ሰው፣ ፍሪጅ የማይፈልግና በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚያስወጣ መድኃኒት ከሌሎቹ ይሻላል ባይ ነኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን መኖሩን በስልክ አስጠይቁ፤ የኩላሊትና የካልሲየም የደም ምርመራም ይቀድማል። በዚያ ቀን ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጥታችሁ፣ እጃችሁን በጋቢ አሙቃችሁ ግቡ። የቀዘቀዘና የተጠማ ሰው ደም ሥሩ ይሸሻል፤ ነርሷም ሦስት ቦታ ትወጋለች። ብዙ ጊዜ "አመመኝ" የሚባለው መድኃኒቱ ሳይሆን ይህ ፍለጋ ነው።

የዚህ መድኃኒት ዋናው ሕመም ግን ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከ3 ሰው አንዱን ያህል ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጡንቻ ቁርጥማት ይይዘዋል። በ3 ቀን ውስጥ ይለቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ እጅግ ይቀንሳል። ቀድሞ ያልተነገራት እናት ግን ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አድራ "መርፌው ሊገድለኝ ነበር" ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ትናገራለች፤ ዕድርተኛው ሁሉ ይሰማል፣ ማንም አይመለስም። ፓራሲታሞል አስቀድሞ መያዝ፣ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን በዚያው ቀን መጀመርና ለጥቂት ቀን መቀጠል ሕመሙን በእጅጉ ያቀለዋል። አንድ የዚህ አገር ጉዳይ አለ፦ ወባ። ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳቱን በመርፌው አመካኝቶ ወባውን እንዳያሳድር፣ ወይም መርፌው ያመጣውን ትኩሳት ወባ ነው ብሎ ያለ ምርመራ መድኃኒት እንዳይውጥ ደሙን ይመርመር። ጣት ጥቂት ተወግቶ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ሦስተኛው ዴኖሱማብ ነው። 60 ሚሊግራም፣ በየ6 ወሩ፣ ከቆዳ ሥር በጭን፣ በሆድ ወይም በክንድ ይወጋል። አራተኛው ቴሪፓራታይድ ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የተፈቀደ፣ አጥንት የሚሠራ መድኃኒት። በየቀኑ 20 ማይክሮግራም፣ እስከ 2 ዓመት፣ ታካሚው ራሱ ብዕር በሚመስል መወጊያ ይወጋዋል። አንዱ ብዕር 28 ቀን ካገለገለ በኋላ መድኃኒት ቢተርፍበት እንኳ ይጣላል፤ ቦታውም ሁልጊዜ ፍሪጅ ነው። ይህን የሚወስዱት በአብዛኛው በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ናቸው፤ ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አይደለም።

እንግዲህ ሕመሙ። ለምን ያማል? ከፊሉ ከመድኃኒቱ ነው፣ ከፊሉ ከእጅ ነው፣ ከፊሉ ከፍርሃት ነው። ከእጅ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሊቀር የሚችል ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ዝም አልልም።

ከፍሪጅ የወጣ መድኃኒት እንደ ቀዘቀዘ ሲገባ ያቃጥላል። ዴኖሱማብ ከመወጋቱ በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በክፍሉ ሙቀት ይቀመጥ። በሙቅ ውኃ ወይም በጀበናው አጠገብ ማሞቅ አይፈቀድም፣ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ መነቅነቅም እንደዚሁ። የሚሸጠው በሲሪንጅ ተሞልቶ ስለሆነ ታካሚዋ ወረፋ ስትጠብቅ እሱም አብሮ ይጠብቅ። ቀጥሎ አልኮሉ። ነርሷ በጥጥ ታብስና ወዲያው ትወጋለች፤ ያልደረቀው አልኮል በመርፌው ቀዳዳ ተከትሎ ይገባና ይለበልባል። ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሰልፉ ረጅም ሲሆን ይቺ ግማሽ ደቂቃ የመጀመሪያዋ መሥዋዕት ናት፤ እኛ ነርሶች ራሳችን እናውቀዋለን።

ከጠርሙስ በሚቀዳ መድኃኒት ደግሞ መርፌው የጠርሙሱን ጎማ ከበሳ በኋላ ጫፉ ይደንዛል። መቅጃውንና መውጊያውን መለየት ነው። መርፌው በፍጥነት ይግባ፣ መድኃኒቱ ግን በቀስታ ይገፋ። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል፤ መርፌውን እየፈሩ በቀስታ ይሰዳሉ፣ ከዚያ ለመገላገል ብለው መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ይገፉታል። ተወጊው ሁለቴ ያመዋል።

ጎን ማቀያየር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለች ጭውውት በየቀጠሮው ብትሰማ ደስ ይለኛል፦

"እማማ፣ ባለፈው የተወጉት በየት በኩል ነው?"

"በግራዬ ነው ልጄ፤ አብጦ ሳምንት ከረመ።"

"እንግዲያው ዛሬ በቀኝ ነው። እግርዎን ለቀቅ ያድርጉልኝ፣ እኔ እስክነግርዎ አይቸኩሉ።"

ለቀቅ የማድረጉ ነገር ቀላል አይደለም። የተወጠረ ጡንቻ ሲወጋ ይብሳል። በክንድ ሲሆን እጅን ጭን ላይ ጥሎ መቀመጥ፣ በመቀመጫ በኩል ሲሆን በሆድ ተኝቶ የእግር ጣቶችን ወደ ውስጥ ማዞር ጡንቻውን ያላላዋል። በጣም የከሳች አሮጊት ከቆዳዋ ሥር የሚወጋውን መርፌ ስትወጋ ቆዳዋን በሁለት ጣት ሰብሰብ አድርጎ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጡንቻ ያገኛል።

ከፍርሃት የሚመጣውን በተመለከተ የእኛ ዘዴ አንድ ነው፤ "አይዞሽ"። ጥሩ ቃል ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሕመም ወደ አንጎል ሲጓዝ በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መዳሰስና ግፊት በሩን ሊያጠቡት ይችላሉ። እናት የተመታ ልጇን ጉልበት የምታሸው ይህን ሳይነገራት ነው። ስለዚህ ከመወጋቱ በፊት ቦታውን በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ያህል ጫን ማድረግ፣ ወይም በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ ማስነካት ይረዳል። በሚወጉበት ቅጽበት እህ ብሎ ማሳልም እንደሚያቀልል ተፈትኖ ታይቷል፤ ወጪ የለውም። መርፌውን አለማየት ለአንዳንዱ ይበጃል፤ ሌላው ደግሞ ካላየ ይብስ ይፈራል። የሚበጃችሁን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ንገሩን።

ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች አሉ። ደም ሲያዩ ወይም ሲወጉ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ይወድቃሉ። ወጣት ቢወድቅ ይነሳል፤ አጥንቷ የሳሳ እናት ስብራት ለመከላከል መጥታ ከወንበር ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበር ምን ይባላል? "እኔ እወድቃለሁ" ማለት ነውር የለውም። ተኝታችሁ ተወጉ፣ ከተወጋችሁም በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል አትነሱ። ቴሪፓራታይድ የሚወጉም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያዞራቸው ስለሚችል አልጋ አጠገብ ይወጉት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንላለን፣ ሕመሙን ለነርሷ መደበቅን ግን ጨዋነት እናደርገዋለን። አንዲት እናት በየቀጠሮዋ "ምንም አላመመኝም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እያለች ትሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ቀረች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ድረስ ሄዳ ስትጠይቃት ጭኗ ላይ የጠጠረ እብጠት አሳየቻት፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር የምትወጋው። ጎን መቀየር ብቻ ነበር የጎደለው። እንዳታስቀይመን ብላ ሕክምናዋን አጣች።

የሚቻለውን ሕመም ከማይቻለው እንለይ። በተወጋው ቦታ ለአንድ ሁለት ቀን መቅላት፣ ማበጥ፣ መጠዝጠዝ የተለመደ ነው። ቅላቱ ዕለት ዕለት እየሰፋ ከሄደ፣ ቦታው ከጋለ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከጨመረ ወደ ጤና ጣቢያ። ፊትና ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ በዚያው ሰዓት። በመቀመጫ በኩል ስትወጉ እንደ ኤሌክትሪክ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ሕመም ከተሰማችሁ "አቁም!" ብላችሁ ጩኹ። ትልቁ የእግር ነርቭ በዚያ ያልፋል፤ ከተወጋ እግር ሊሰንፍ ይችላል። ለዚህ ነው መቀመጫው በሐሳብ ለአራት ተከፍሎ የላይኛው የውጭ ሩብ ብቻ የሚወጋው። ነርሷ ልብስ ገለጥ አድርጉ ስትል ለይሉኝታ ጥቂት ብቻ ዝቅ የምታደርጉ ሰዎች የቦታውን ልክ ታሳጧታላችሁ።

ወጣት ሴቶች አንድ ጥያቄ እንዳላችሁ እገምታለሁ፤ ዲፖ አጥንት ይበላል ሲባል ሰምታችኋል። የሦስት ወሩ መርፌ በአገራችን ከዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ በብዛት የሚወሰደው ነው። እየወሰዱት ሳለ የአጥንት ጥግግት በመጠኑ መቀነሱ እውነት ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል። ሲቆም ግን በአብዛኛው ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች በዚህ ምክንያት አልከለከለውም። ስለዚህ ዛሬ የሰማችሁትን ይዛችሁ ቀጠሮ እንዳታቋርጡ፤ ረጅም ዓመት የወሰዳችሁ ከሆነ ጠይቁ። እኔ ከዲፖ የምማረው ሌላ ነገር አለ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ካርዷን በሻሽ ቋጥራ በየ3 ወሩ ቀኗን ሳታዛንፍ ትመጣለች። ቀጠሮ አያውቁም የሚለን ሰው ይህችን ሴት አላየም።

ቀጠሮ ዋና ነገር የሚሆነው በዴኖሱማብ ነው። ይህ መድኃኒት ሲቋረጥ አጥንት ወደነበረበት ብቻ አይመለስም፤ የታገደው መፍረስ ተጠራቅሞ ይፈጥናል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ የጀርባ አጥንቶች በአንድነት ሊሰበሩ ይችላሉ። ስድስት ወሩ ቢያልፍ ሰባተኛው ወር ሳያልቅ መወጋት ያስፈልጋል። መርፌው አሳምሞኛል ብሎ በዝምታ መቅረት እዚህ ላይ ነው አደጋው። መቀጠል የማትፈልግ ሴት መብቷ ነው፤ ግን ተናግራ ትተወው፣ ሐኪሙ በዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም በክኒኑ ይተካላታል። ባዶ እጇን አትቁም።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን እናታቸውን ወደው ይህን መርፌ በሻንጣ ይልካሉ። ፍቅራቸውን አልነካም። ግን መርፌው የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ ከፍሪጅ ከወጣ የሚቆየው በቀናት የሚቆጠር ነው። ከአውሮፕላን ወርዶ አዲስ አበባ አድሮ፣ በጅማ አልፎ እዚህ እስኪደርስ ስንት ቀን ሞቀ? የሚቀጥለውንስ ከ6 ወር በኋላ ማን ያመጣዋል? ልጅቷ ሥራ ብትለቅ፣ መንገደኛ ቢጠፋ፣ እናትዮዋ ምንም ካልተወጋችው ሴት የባሰ ሁኔታ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ሁለተኛው ዙር በእርግጠኝነት ካልታወቀ የመጀመሪያው አይወጋ። ለልጆቻችሁ በስልክ የምትነግሯቸው ይህን ነው፤ ገንዘቡን ልከው እዚሁ በሚገኘው መድኃኒት ብትታከሙ ይሻላል።

ወንዶች፣ "ይህ የሴቶች ነገር ነው" ብላችሁ የበሩን አቅጣጫ የምታዩትን አይቻችኋለሁ። ከአምስቱ አንዱ ብያለሁ። ሲጋራና አረቄ የእናንተንም አጥንት ያሳሳሉ። ከዚህም ሌላ ሚስታችሁን ወደ ቀጠሮዋ ይዛችሁ የምትሄዱት፣ ስትመለስ በጭቃው እጇን የምትይዙት፣ በዚያ ሳምንት ውኃና እንጨት የምታመላልሱትም እናንተ ናችሁ።

የመጨረሻ ነገሬ ያገለገለው መርፌ ነው። ቤት ውስጥ የሚወጋ ሰው መርፌውን መልሶ አይክደን፣ ብዙ ሰው ጣቱን የሚወጋው ሲከድን ነው። ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ የዘይት ጄሪካን ያዘጋጅ፣ እንደተወጋ እዚያ ይጨምረው፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ በደንብ ዘግቶ ለጤና ጣቢያው ያስረክብ። እንሰት ጓሮ የሚጣል መርፌ ማዳበሪያ አይሆንም፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ ያገኘዋል።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶች ቅድሚያ አላችሁ፤ ድምፅ ማጉያው ወደ እናንተ እየመጣ ነው።